ተረፈ

ሙልታን ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ዳር፣
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤ ኑሮዬ በክር።
የስንቱን ሙሽራ ወገብና ትከሻ
ለክቼ፣ ለልጄ አጣሁ መጨረሻ።

ዙሄብ ሲወለድ ሦስት ኪሎ ነበረ፤
እንደ ማንም ሕፃን ጮኸ፣ ጠባ፣ አደረ።
ባራተኛው ወር ግን ለቅሶው ሌላ ሆነ፤
ጡት አፉ ውስጥ ሳለ ጡት ፍለጋ ባዘነ።
ለዓመት ያልኩት ሱሪ ባሥር ቀን ጠበበ፤
ሥጋው እየሞላ ልጁ ግን ተራበ።
ስፌት ብፈታለት፣ ጨርቅ ብቀጥልበት፣
ቁመቱ በልኩ፣ ወርዱ በዛበት።

ሌሊት ማድቤቱን በቁልፍ ስንዘጋ፣
ከጎረቤት ገንዳ፣ ልጣጭ ፍለጋ፣
እጁን እስከ ክንዱ ነክሮ አገኘነው።
መታሁት። እስካሁን እጄ ነው የሚያፍረው።

ጎረቤት «ሆዳም» አለ፣ አክስቱ «ክፉ ዓይን» አለች፤
ራኺላ፣ እናቱ፣ ምንም ሳትል ቀረች።
የፊቷ ልጃችን፣ ሱምቡል ነበረችን፤
እየበላች ርቧት፣ ሳል ይዟት፣ አመለጠችን።

ላሆር ወሰድነው። ዶክተር ተህሚና
ደሙን ቀዳችለት፤ ሳምንት አለፈና
ጠራችን። ስታስረዳ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፦
«ጨጓራ ባዶ ሲሆን መልእክተኛ አለው፤
ግሬሊን ይሉታል፣ “ብላ” እያለ ይወጣል።
ስብም የራሱን ቃል ወደ አንጎል ይልካል፤
ሌፕቲን ነው ስሙ፤ “በቃ” ማለት ሥራው፤
በእናት ወተት ውስጥ እንኳ ጥቂት ጠብታ አለው።
የልጅህ ስብ ግን ዲዳ ሆኖ ተወለደ፤
ከዘር መዝገቡ ላይ ያ ቃል ተቀደደ።
ሆዱ ጢም ቢል እንኳ አንጎሉ አልሰማም፤
ልጅህ የተራበ ነው፤ አይደለም ሆዳም።»

ራኺላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤
«ሱምቡልስ?» ብላ ብቻ አንድ ቃል ጠየቀች።
ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

በሰፈር «ጠገበ» ለስድብ ነው ቃሉ፤
ምነው ይህን ስድብ በልጄ በጣሉ!

መድኃኒቱ መጣ በበረዶ ሣጥን፤
በየማታው አንድ መርፌ፣ ቀጭን።
ዕድሜዬን በመርፌ ቤቴን ያስተዳደርኩ፣
ከልጄ ሆድ ስደርስ ተንቀጠቀጥኩ።

አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት። ምንም የለም።
ያው ሳህን መላስ ነው፣ ያው «ጨምሩኝ» ሁሌም።
ባራተኛው ማታ ቂጣና ምስር ቀርቦ
ጎረሰ፣ ደገመ፤ ከዚያ ዓይኑ ተስቦ
ጣሪያ ላይ ያረፈች አንዲት ርግብ አየ።
ከገበታ ሌላ ዓይቶ የማያውቅ ልጅ፣ እሷን እያየ ቆየ።

ቂጣውን አስቀመጠ፤ የጥርሱ ምልክት
እንደ መቀስ አፍ ዳሩ ላይ ታትሞበት።
እኔ አልተነፈስኩም። እናቱም ዝም አለች።
ግማሹን ቂጣ በመሐረብ ጠቀለለች፣
ደረቷ ላይ ያዘችና «ተረፈ» አለች።

ስለ ቂጣው ይሁን ወይስ ስለ ልጄ
አልጠየቅኳትም፤ ሜትሬ ነበር በእጄ።