የሐምሌ መስኮት

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፣
ኩንታል ስጠራ ነው የሚያልቀው ዘመኔ፤
የአቶ አንማው በርበሬ ስንት መኪና እንደጫነ፣
ስንቱ መርካቶ ደርሶ ስንት ሺህ እንደሆነ፣
ደብተሩ እኔ ጋ ነው። አፌን እይዛለሁ።
እሑድ ሲሆን ግን ሜዳ ወጥቼ እጮኻለሁ።

ቡሬ ጮራ ሲጫወት፣ ከባሕር ዛፉ በታች፣
ድንጋይዋ የእኔ ናት፣ በቂጤ የለሰለሰች፤
ከጋሽ ጫኔ ጎን ነኝ፣ ከእናንየ ጀርባ፣
ጉሮሮዬ እስኪደማ፣ ዓይኔ እስኪያነባ።

ሽባባውን ሸጡት፣ ያንን የኩች ቀጭን፣
ኳስ እግሩ ስትደርስ ዝም የሚያሰኘን።
ሰባት መቶ ሺህ ነው የወጣበት፣ ይላሉ።
በምትኩ ማን መጣ? «ልጆቻችን አሉ»
አሉን አቶ አንማው፤ «ከሰፈር ይነሡ፣
ኳስ ወኔ ነው እንጂ ብር አይደል፣ አትርሱ!»

ወኔስ ነበረን። ድረስ፣ የጋራዡ ልጅ፣
አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ጢሙ ያልበቀለ ገና፣ አንድ ፍሬ ልጅ፣
በተዋሰው ጫማ፣ ጨርቅ በወተፈው፣
ሦስት ተከላካይ እንደ ሾላ ቆመው፣
ኳሷ ከሰማይ ወርዳ ደረቱ ላይ ስትነጥር፣
ዘወር ሲል ማንም የለም። ዘወር ሲል፣ አጥር።

ሐምሌ ላይ መስኮቱ ተከፈተ አሉ፣
የዝውውር መስኮት። ሌሎች ክለቦች ሁሉ
ሰው አስገቡበት። የእኛም ተከፍቶ ነበር፤
ጉም ገባ ከዳሞት፣ ብርድ ገባ በነበር፣
አንድ ዝንብም ገባች፤ «ፈረመች?» አልኩ ለራሴ።
ከዚያ ተዘጋ። ነሐሴ።

ጋሽ ጫኔ ተነሣ። ጋሽ ጫኔ ጡረተኛ፣
ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የኖረ፣ ዝምተኛ፤
«ላንድ አጥቂ እናዋጣ» አለ፣ ኬሻ ዘርግቶ፣
መቶ ብር ጣለበት ከጡረታው አውጥቶ።
እናንየ ጣለች የሳምንት የቆሎዋን፣
ሊስትሮዎቹ በፌስታል ያሰሯትን ሳንቲማቸውን፣
የባጃጅ ልጆቹ የአንድ ቀን ገቢያቸው፤
አንድ ቄስም ሰጡ፣ ስም አልተጻፈላቸው።

ተሸክመን ሄድን፣ ከአቶ አንማው ደጃፉ።
ተነሥተው ተቀበሉን። አንድ በአንድ አቀፉ።
«መዝነው እስቲ» አሉኝ፤ ቀልድ ነው፤ ሳቅን ሁላችን።
አሥራ አራት ኪሎ። አሥራ አራት ኪሎ ልባችን።

በጥቅምት፣ ከሜዳው ዳር፣ ሎጋ ነገር ቆሞ
ከሩቅ አየሁና ልቤ ሮጠ ቀድሞ፤
ስደርስ ምሰሶ ነው። ቆርቆሮ ለብሷል።
ለባለቤቱ ወንበር ጥላ ተሠርቷል።
መግቢያውም ጨመረ፣ ከአሥር ወደ ሃያ፤
ምክንያቱን ብንጠይቅ፣ «ለጥላው ማቆያ»።

«ተወው» ትለኛለች ሚስቴ ባንቻየሁ።
ልተወው አሰብኩኝ፤ እግሬን ግን አየሁ፤
እሑድ በሰባት ሰዓት ቀድሞኝ ተነሥቷል፣
አጥሩን ዞሮ፣ ሃያ ብር ከፍሎ ገብቷል።

«ባለቤት ያለው ቤት ለምን ያፈሳል?» ብላ
ጀመረች እናንየ። ሜዳው ተቀበላት፣ እኔም ከኋላ፣
እንጀራዬ ጥላው ሥር ናት፤ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ፣
ድምፄን አቅጥኜ፣ እንደ ሴት ሆኜ።
እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ።

አራት ለዜሮ። ድረስ ወጣ እያነከሰ፣
ጫማውም በዚያው ማታ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን። ኩንታሉ ይወርዳል።
አቶ አንማው መጡ። «ትናንት ሰው ይሳደባል፣
አንተም ነበርክ እንዴ?» «አሞኝ ተኝቼ ነበር።»
ዝም አሉ። ዝም አልኩ። ሌላ ምን ይነገር?
«ዓይንህ ቀልቷል» አሉኝ። «በርበሬው ነው» አልኩ።
ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሼ አስተካከልኩ።