የሐሙስ አንሶላ

አንሶላው የሙሄ ነው፣ ለሠርጉ ያስቀመጠው፤
ሠርጉ ቀረና፣ ከሳጥን አውጥቶ ፒያሳ አመጣው፤
ከተዘጋው የአባቱ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣
በአራት ምስማር ወጠረው፣ እጥፋቱ እንዳይገለጥ።
እጥፋቱ ግን እምቢ አለ፤
እኛ ዘንድ ጠባሳ የሌለው ተዋናይ የለም።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ
«አሥራ አንድ ሰው። ዝናብ። አንድ ውሻ» ብያለሁ፤
ደብተሩን ሳገላብጥ እስከ ዛሬ እስቃለሁ።
ከሰዎቹ ሦስቱ «ድብድቡስ?» ብለው ወጡ፤
ይገርማል የውሻው፣ እስከ ማብቂያው መቀመጡ።

ጦሳ ጉሙን ሲለቀው፣ ከተማው ሲዋጥ በነጭ፣
አምፖሉ ሁሉ ከሩቅ ሲመስል የሎሚ ቅራጭ፣
ሰው መምጣት ጀመረ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
ከሆጤ፣ ከሮቢት፣ ከሰኞ ገበያ ተሰብስቦ፤
ጦይባ ጫማ ሻጯ፣ አራጋው ፀጉር አስተካካዩ፣
ሁለት የፋብሪካ ፈታዮችም፣
ከኮምቦልቻ ዳገት ወጥተው የሚያዩ።

አራጋው ይጠይቃል፦ «ሴትዮዋ በሩን ዘግታ ሄደች፤
ካሜራው ለምን በሩ ላይ ቀረ?» ጦይባ መለሰች፦
«እሱም እንደኛ ነዋ፤ ትመለስ እንደሁ ሊያያት።»
ያን ሌሊት የቤቴን በር፣ ዘግቼ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ያ ሐሙስ። ነሐሴ። ሰውየው ደብዳቤ ሊከፍት፣
ጣቱ ፖስታው ጠርዝ ላይ እንዳለ — ድርግም! መብራት።
ማንም አልተነሳም። የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ።
«እኔ ልንገራችሁ» አለ አንዱ ፈታይ ከኮምቦልቻ፣
«ወረቀቱ ባዶ ነው።» «ኧረ! የዕዳ ነው» አለች ጦይባ።
አራጋው፦ «ከሞተ ወንድሙ ነው፤
ቀድሞ የተጻፈ፣ ዘግይቶ የገባ።»
ሙሄ ቆየ። ብዙ ቆየ። «‹ሠርጉ ቀርቷል› ይላል።»
ለካ ዝናብም ዝግ ማለት ያውቃል።

መዝገቡ፦ «ሠላሳ ስምንት ሰው። ግማሽ ፊልም። አራት ፍጻሜ።»
በክብሪት ብርሃን ነው የጻፍኩት፣ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆሜ።
በሳምንቱ መብራት መጣ፤ ፖስታው ተከፈተልን፤
ከአራቱ ከኛዎቹ፣ እውነተኛው አነሰብን።

ጦይባ አሁን በስልኳ ትቀርጻለች፦ እግር፤
የሰኞ ገበያ እግር፣ ጭቃ ውስጥ ሲዋዋል፣ ሲከራከር፤
አራት ደቂቃ ነው። በዚያው አንሶላ አሳየችን፤
እጥፋቱን እግሮቹ ሁሉ፣ እንደ ቦይ ሲሻገሩት አየን።
«ልተኩሰው?» አለ ሙሄ፣ አንሶላውን እያየ።
«ተወው!» አልን።
ውሻው ተኛ። ክርክሩ ግን ቆየ።