አራት ፊደል

ከቱሉ ዲምቱ በር፣ ከመክፈያው ኋላ፣
አሥራ ሁለት ስክሪን አለኝ፣ ሌሊት የለኝ ሌላ።
መብራት መብራትን እየተከተለ ይሄዳል፣
ዓይኔ ይከደናል፣ አንገቴ ይወርዳል፤
ከአስፋልቱ ሥር ግን የተቀበረው ሽቦ፣
ጎማ ቆጥሮ ያድራል፣ መምጫውን አስቦ።

ሽቦውን የቀበረች መሐንዲሷ ሲፈን፣
«ሰሌዳዋ ላይ» አለች፣ «ምን ብለን እንጻፍ፣ ምን?»
አንዱ፣ «የተሳሳተ አቅጣጫ ይዘዋልና
እባክዎ ያቁሙ» አለ በትሕትና።
ሳቀች። «ይህን አንብቦ ሳይጨርስ ያልቃል» አለች፣
«ሰሌዳዋ አራት ፊደል ብቻ ትችላለች።»
«ተመለስ» አልኳቸው፣ ከጥግ፣ ከወንበሬ፣
ውኃ እንዳጣ መሬት ተሰንጥቆ ከንፈሬ።
ለምን እንደመረጥኩት የጠየቀኝ የለም።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ጉም ዱከምን ሲውጣት፣
ስድስተኛው ስክሪን ደም መሰለ ድንገት።
በመውጫው በር ገብቶ አንድ አይሱዙ መጣ፣
ሸራው እየተራገበ፣ ቲማቲሙ ሊወጣ።
ከወዲህ ሰርቪሱ፣ ፈረቃ የፈቱ
ልጃገረዶች ይዞ፣ የተኙ እንደ ሞቱ።
በመሀላቸው ሦስት ኪሎ ሜትር። ከዚያ ሁለት። ከዚያ —
ጣቴ ገና ሳይነሣ ሽቦው ቀደመኝ፤
በጉሙ ውስጥ፣ ቀይ፣

ተ
መ
ለ
ስ

አይሱዙው ተንገዳገደ። ጠርዙን ይዞ ቆመ።
ሰርቪሱ ባጠገቡ ሽው ብሎ አለፈ፤
ከልጃገረዶቹ አንዲትም አልነቃች።

«ትንሽ መንገድ ናት ብዬ» አለ ጉተማ ለፖሊስ፣
«ቲማቲሙ ሳይፈርስ፣ ገበያ እንድደርስ።»
ባርኔጣውን አውልቆ ይጠመዝዘዋል፤
በስክሪን ነው ያየሁት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ትንሽ መንገድ ናት።
ያኛውም እንዲሁ ሳይል አልቀረም፣
ሽቦው ሳይቀበር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
የወንድሜን የይገረምን ቪትዝ በዚችው ኩርባ ሲያገኛት።
እራቱን ከድኜ ነበር። ስልኩ ይጠራል። ይጠራል።
ጉተማን ልረግመው ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ተረኛው ሳይመጣ፣
መንገዱ ባዶ ሆኖ ጉሙ ከሜዳው ሲወጣ፣
አንዲት ቁልፍ እነካለሁ።
ፊቷ ወደ ኋላ ነው፣ በደህና የሚሄድ አያያትም፤
ለብቻዋ ትበራለች፣
አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ወደ ኩርባው።

ከመዝገቡ ላይ «ለሙከራ» ብዬ እጽፋለሁ።