የበረዶ ቋት

ደብረ ማርቆስ ሲተኛ ኔትወርክ ይነቃል፣
ቀን የተቋጠረው መስመር ሌሊት ይላላል፣
ከስድስት ሰዓት ወዲያ
ካልረገጥሁት ምድር፣ ከደቡቡ ጫፍ ላይ፣ በረዶ ይመጣል።

በቁራሽ በቁራሽ፣ እንደ ተለመነ እህል፤
ዘጠና ዘጠኝ ሲሞላ፣ መብራቱ ብልጭ ሲል
ትንፋሼን ውጬ እቀራለሁ።
ሳተላይት ካየችው እኩሌታው ደመና፣
እኩሌታው ነጭ ዝምታ፣ ሰው ያልቆመበት ጎዳና፤
ስም የለው፣ ወር የለው፣ ቁጥር ብቻ ታቅፎ
ከደጄ ይቆማል እንደ መሸበት ሰው፣ በሩን ተደግፎ።

የኔ ሥራ መሰየም ነው፦
የታየበት ሰዓት፣ ያየችው ሳተላይት፣
ባንድ ነጥብ ስንት ሜትር፣
የት ላይ እንደተሳተ፣ ማን እንዳረመው ጭምር።
የዲማ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲፈጽም
ከግርጌው እንደሚያኖር የጻፈ ያጻፈን ስም፣
እኔም እጽፋለሁ።
እንየው፣ የቢሮ ጓዴ፣ በትከሻዬ ላይ አይቶ
"ከሥዕሉ መግለጫው በለጠ" ይላል ተሰላችቶ።
መግለጫ የሌለው ሥዕል ዘሩ ያልታወቀ ስልቻ፤
ማን ደፍሮ ይዘራዋል?

"ምንድን ነው ሥራሽ?" አለኝ አባቴ፣
አለኸኝ፣ የሮብ ገበያ ገበሬ።
"በረዶ አስቀምጣለሁ፣ ከመረጃ ቋት ውስጥ።"
ቋት! ለሱ ቋት ማለት
ከወፍጮው ሥር ዱቄት የሚወርድበት ነው።
"ጉድ ስሙ!" አለ፣ "እኛ
በረዶ መላሽ ሰው በቁና ገብስ ቀጥረን
ካዝመራው እንዲያልፍልን ስንማጠን ኖረን፣
ልጄ ተምራ ተምራ በረዶ በቋት ከተተች!"

ቋቱም ነቀዝ አለው።
ቁጥር በቁጥር የሚበላ፣ ድምፅ የሌለው ነቀዝ፤
መብረቅም አለበት፣ የሐምሌ መዘዝ።
አንድ ክረምት ዲስኩ ነደደ፤
አንድ መስከረም ሙሉ ካጠገቤ ሄደ።
ለትሮምሶዋ ሴት፣ ለኢንግሪድ ጻፍሁላት
(መልኳን አላውቀው፣ ፊደሏን ነው የማውቃት)፦
"ቅጂ ይኖርሽ ይሆን?"
ሳይነጋ ላከችው። ደረሰኝ አላለች፣
ዋጋ አልቆረጠች።

በዓመቱ እሷ ጻፈች።
ማሽናቸው ሲዛወር የሚያዝያ ሳምንት ጠፍቷል፣
ያለ ቦታው ሁሉ ተፈልጎ ታጥቷል።
ከማርቆስ ተገኘ፦ ከወንበሬ ሥር፣
እንየው በማርከር "አትንኩ" ካለበት ዲስክ።
ወንፈል ነው እንግዲህ፤ ዛሬ የኔ ማሳ፣
ነገ ያንቺ ማሳ።
እሳት ነው መረጃ፥ ጎረቤት ቢጭረው
ምድጃው አይጎድልም።

ለፋሲካ ስወርድ ሁለት ሥዕል አተምሁ፤
ወሩ አንድ መስከረም፣ ሃያ ዓመት በመካከል።
አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ
ጣቱን በነጩ ጠርዝ ላይ አስኬደው፣ በዝግታ፣
መሬት እንደሚለካ፣
ካንዱ ወደ ሌላው፣ ተመልሶ ደግሞ።
ይስቃል ብዬ ነበር።
"አንቺ ትርንጎ" አለኝ፣
"ይኼን ድንበር ማነው የገፋው?"

ስለ ጥራት ጀመርሁ፣ ስለ ነጥብ፣ ስለ ጨረር፤
ተውሁት።
"ባለቤቱስ ማነው?"
"ሁሉም ሰው።"
"የሁሉም ከሆነማ ከሳሽ የለውም።"

ዝም አልን። ጮቄ ከደጅ ጉም ለብሶ ቆሟል።
ማታ የገብሱን ውርጭ ሲያወራ ቆየና
"ቢሆንም ጻፊው" አለ፤
"ምስክር የሌለው ድንበር ባንድ ክረምት ያልቃል።"
ወረቀቶቹን አጥፎ፣ ከግብር ደረሰኙ፣
ከአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ጋር አጣምሮ
ሳጥኑን ቆለፈው።

ማርቆስ ስመለስ፣ ሌሊት፣ መስመሩ ሲላላ፣
ከፋይሉ ግርጌ ጨመርሁ፦
ቅጂ አንድ፣ ደብረ ማርቆስ።
ቅጂ ሁለት፣ ትሮምሶ።
ቅጂ ሦስት፣ ሮብ ገበያ፣ ከአለኸኝ ሳጥን፤
ቁልፉ ባንገቱ ላይ ነው፣
የፈለገ ይጠይቀው።