ከመድረኩ ሥር

አርባ ሁለት ዓመት ቴአትር ቤት ኖሬ፣
በዐይኔ አላየሁም አንድ ተውኔት እስከ ዛሬ።
ሥራዬ ከሥር ነው፣ ከመድረኩ ጓዳ፣
አይጥና አቧራ እንጂ ከማያውቅ እንግዳ።
መድረካችን ክብ ነው፣ እንደ ወፍጮ ይዞራል፤
አራት ሰው ከታች ሆኖ በትከሻ ይገፋዋል።
ላይ ቤቱ ተራራ፣ ተራራው ቤት ሲሆን፣
«አቤት ጥበብ!» ሲሉ፣ ጥበቡ እኛ ነን፤
በባዶ እግራችን፣ ላብ በጠገበ ድንጋይ፣
ዓለምን የምናዞር፣ ፀሐይዋን ሳናይ።

የጃፓን ካርታ ላይ ከተማችንን የሚሻ፣
ጣቱ ይሸፍናታል፣ መነሻዋን ከመድረሻ።
ቤቱን ያቆሙት የመዳብ ቆፋሪዎች ናቸው፣
ከየደሞዛቸው ሳንቲም አዋጥተው።
ማዕድኑ አለቀ፤ ባቡሩም ቀረ፤
ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ይህ ብቻ ኖረ።
ጣሪያው ላይ ዛሬም ተስሎ ይታያል፣
የሞተ ነጋዴ ጃንጥላ ይሸጣል።
ተጓዥ ተዋንያን በግንቦት ይመጣሉ፣
የፀጉር ሣጥናቸውን እንደ ሕፃን ያዝላሉ።

ከታች ያለ ሰሚ ሁሉን በእግር ያውቃል፦
ንጉሥ ጆንያ እንዳዘለ ከብዶ ይረግጣል፤
መበለቷ ስትመጣ፣ ጠብ ጠብ፣ እንደ ዝናብ፤
ሌባው በጣቱ ጫፍ፣ እንደ ድመት ለዓይብ።
አንድ ግንቦት ጀግናው ሞተ፤
ገላው ከራሴ በላይ ዷ ሲል ሰማሁ፤
ከድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፊቱን ሳላውቅ አነባሁ።

ዘንድሮ ጉልበቴ ከዳኝ፣ በሁለቱም ፍቺ።
ዮሄይ ተተካ፣ የዓሣ ሻጯ ልጅ፤
ትከሻው የበሬ፣ ልቡ የጥጃ እንጂ።
ጫማዬን ተቀብላ ኪኑዮ፣ የበሩ ሹም፣
«ዛሬ ከታች የለህም፤ ላይ ነህ» አለችኝ፤ አላመንኩም።

ተቀመጥኩ ሰሌን ላይ፣ በእንጨት ርብራብ መሃል፣
ጎረቤቴ ብርቱካን ልጦ ያካፍላል።
የወረቀት መስኮቱን ልጆች በሩጫ ዘጉ፤
የሚያስሉ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ሕፃን ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ የማን እንደሆነ እንጃ፤
እንጨት በእንጨት ተመታ፣ ቃ ቃ ቃ፤ ተገፈፈ መጋረጃ።

ከዚያ አየሁ።
ለካ ፊት አለው ንጉሡ፤ ነጭ፣ በቀይ መስመር፤
ያ ጠብ ጠብ የምለው ከእጅጌዋ ነበር የሚጀምር።
ተመልካቹ ያብዳል፤ ጀግናው ዐይኑን ሲያፈጥ፣
የቤቱን ስም ይጣራሉ፣ ጣራው እስኪናወጥ።

ተራራው ዞር አለ። የሁሉም ዐይን ተራራው ላይ።
እኔ ብቻ ጆሮዬን ጣልኩ ወደ ታች፣ ወደ ድንጋይ።
ጢው... ጢው... ደህና ነው። ጢው—
ቆመ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል፤
ጥዱ ተንገዳገደ፤ ጨረቃዋም አለች ዘንበል።
አዳለጠው! ሦስተኛዋ ድንጋይ ናት፣
እኔም ሦስቴ የወደቅሁባት።
«ተነሥ ልጄ» አልኩ በሆዴ፤ የከዳኝ ጉልበት ራሱ ገፋ፣
ሰሌን ላይ እንዳለሁ።
ጢው አለ። ዞረ። ቤቱ መጣ፣ ፋኖሱም ሳይጠፋ።

ሰዉ ተዋናዩን ሲጣራ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ፤
«ዮሄይ!» አልኩ።
ዝም። ብርቱካን ላጩ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ።
ኪኑዮ ከበር «ዮሄይ!» አለች፤ ዓሣ ሻጯም ከኋላ፤
ከዚያማ ቤቱ በሙሉ፣ አፉ ብርቱካን የሞላ።
ጀግናው ሰይፉን እንደያዘ ግራ ገባው፤
የታችን ሰው ስም በዚህ ቤት ማን ጠርቶ ያውቃል ለነገሩ፣ ምን ያድርግ እሱስ ምን ይበጀው?

ከዚያ ከመድረኩ ሆድ፣ በክርን ይሁን በመዳፍ፣
ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሕፃኑ ነቃ ከእንቅልፍ።