ሦስት ሚሊ

ጋሽ ዘውገ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣት፣
ዶሮ ማነቂያ ካለው ቤቱ፣ ከበረንዳው ክዳን ጫፍ ያወለቃት፤
ክንድ የማትሞላ፣ ቀለሟ የረገፈ የጣውላ ጥልፍ፣
ሁለት ቅጠል፣ በመሃላቸው ጠብታ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።
«ሌሎቹን ዝናብ በላቸው፤ ይቺ ብቻ ተረፈች።
ስልሳ ልጅ አዋልድልኝ» አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አረፈች።

ሠራተኛ ሰፈር ነው የኔ ቤት፣ ከቀጥቃጮች ጎን፣
መዶሻ ሲያወራ የሚውልበት፣ ሰው የሚግባባ በዓይን።
ድሮ ቢሆን በመሮ ነበር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፤
ዛሬ ኪራይ አለ፣ ወሩ ሳይሞላ የሚያንኳኳ ቶሎ ቶሎ።
ስለዚህ ፎርማ ልሥራ አልኩ፤ አንዴ ደክሜ ስልሳ ጊዜ ላርፍ።
ኮምፔንሳቶ ላይ አጋደምኳት፤ እርሳሴን አሾልኩ እንደ መርፌ ጫፍ፤
ዙሪያዋን ተከተልኩ፤ በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ፤
በሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለሰለስኩ።
ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩ፤ ጉብታን ጣት ነው የሚያገኝ፤
ፎርማ ላይ ያለፍኳት እብጠት ስልሳ ጊዜ ነው የምትቀጣኝ።

ኩሽኔታ ያለው ፑንታ ተክለሃይማኖት ዞሬ አጣሁ፤
ቶርኖ ቤት ገብቼ ቀለበት አስወጣሁ፣
የራውተሩን አንገት አቅፎ፣ ፎርማውን ታክኮ የሚሄድ፤
እሱ ይመራል፣ ቢላው ይከተላል፤ መሪና ዓይነ ስውር በአንድ መንገድ።

የመጀመሪያዋን ቆረጥኩ፤ ሰጋቱራዋን እፍ ብዬ ባያት፣
ቅጠሉ ወፍሯል፤ ጠብታዋ ጠባለች፤
ሌላ ናት።

ምን በደልኩ? ፎርማው እኮ ልክ ነው፣ ከእናቲቱ አይለይም!
ድንቅነህ ነው የደረሰበት፣ ተማሪዬ፤ ብዙ አይናገርም፤
ቀለበቱን አነሳና በሁለት ጥፍሩ መሃል አሳየኝ፤
ከቢላው ጫፍ እስከ ቀለበቱ ጀርባ፣ ሦስት ሚሊ። እሷ ናት ያሳተችኝ።

ለካ ፎርማው ልክ ከሆነ ሥራው ነው የሚስት፤
ሥራው ልክ እንዲወጣ ፎርማው ይሳሳት፣ አውቆ፣ በድፍረት፣ ሚሊ ሦስት።
አባቴ ትዝ አለኝ፤ ቁጣው ሁልጊዜ ከጥፋቴ ይበልጣል፤
ምናልባት እኔ ጋ እስኪደርስ የሚጎድለውን ያውቃል።

ሁለተኛውን ሠራን፣ ቅጠሉ የከሳ፣ ጠብታው ያበጠ፤
ጎረቤቴ ቀጥቃጩ «ማገዶ ነው?» ብሎ አላገጠ።

ከዚያ ድንቅነህ ሌላ አየ። «ግራዋ ከቀኟ ትወፍራለች።
የድሮው ሰውዬ መሮው አዳልጦት ነው፤ ተንሻፋለች።
ወረቀት አጥፈን እኩል እናድርጋት» አለኝ።
ተው አልኩት። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቀኝ
መልስ አልነበረኝም። መብራት ጠፋ፤ በጨለማ ቁጭ አልን፤
ከላይ፣ ከፒያሳ፣ ወያላ ሲጣራ ሰማን።

ሲመጣ ጀመርን። ሁለት ቪቲ፣ ሁለት ማቆሚያ። ግጠም፣
አዙር፣ ንቀል፣ ደግሞ ግጠም። አሥር። ሃያ። እጅ አያስብም።
አርባ አንደኛዋ ቋጠሮ ነበረባት፤ ቢላው ዘለለ፣ ተሰነጠቀች፤
ሻይ በምናፈላበት ምድጃ ገባች፤ ደህና ነደደች።

ቅዳሜ ሰቀልናቸው፣ እናቲቱን ከመሃል ደባልቀን፣
ክሬም ቀለም ሁለት እጅ ቀብተን፣ መሰላሉን እያስጠጋን።
ጋሽ ዘውገ ከታች ቆሞ አንጋጦ ቆጠረ፤
ስልሳ አንድ ላይ ዝም አለ፤ ደግሞ ከአንድ ጀመረ።
«አሮጌዋ የቷ ናት?»
መሰላሉን ወጣ፤ በአውራ ጣቱ
ግራ ቅጠሉን እየጫነ አለፈ፤ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም እንደ እናቱ።
«ልጅ ሆኜ» አለ ከላይ፣ «የበረንዳውን አጥር ወጥቼ እሷን ነበር የምነካ፤
በውፍረቷ ነበር የማውቃት፣ አንዷ ብቻ...» ሳቀ። «ለካ!»

ድንቅነህ እኔን አየ። እኔ ጣቴ ላይ የደረቀውን ቀለም አየሁ።
ልጠቁመው ፈለግኩ፣ እውነት፤ ግን እኔም የቷ እንደሆነች አጣሁ።

ፎርማው ግድግዳዬ ላይ አለ፣ በአንድ ምስማር፤
በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ዶሮ ማነቂያ። ሦስት ሚሊ። ግራው እንዳይነካ፤ ይኑር።»