ማሳው

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፦ «ሞተር ጠቅላይ ነን»።
አባቴ ነው የጻፈው። እሱ ካረፈ ወዲህ
ጠቅላይዋ እኔ ነኝ፤ ግዛቴም ይኸው፣ እዚህ፦
ሁለት በሦስት ክፍል፣ መዳብ በየዓይነቱ፣
ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚሸት ከወለል እስከ አናቱ።

ሐምሌ ነበር። ጎርፉ ቁልቁል እየጋለበ
አንድ ሰው ኬሻ አዝሎ ደጄ ላይ ቀረበ።
ሌሊቱን ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ሲንገላታ
የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍሏል ለኬሻው ቦታ።
ጓንጉል ይባላል። ምጽዋ አለቀ ወጣትነቱ፣
የባሕር ኃይል ምልክት ሰጪ፤ ዛሬ ጣና ላይ ናት ሀብቱ፣
«የውብዳር» የምትባል ጀልባ፣ ዐሥራ አራት ሰው ጫኝ።
ኬሻውን ፈታና «ይኼ ነው» አለ፣ «ያደከመኝ።

መልህቅ ማንሻ ነው። ቁልቁል ስለው ይወርዳል፤
ሽቅብ ስለው 'ቀጭ' ይላል፣ 'ቀጭ' ብሎ ይተኛል።
ሦስት ሳምንት በእጄ ሳብኩት ሰንሰለቱን ከነጭቃው፣
እዪው» ብሎ ዘረጋ መዳፉን፣ ተልጦ ቆዳው።

እኔ መልህቅ የማውቀው በድሮ ኮት አዝራር፤
ሰፊ ውሃ ያየሁት አንዴ፣ ቢሾፍቱ፣ በሠርግ ሰበብ፣ ከዳር።
ግን ሞተር ሞተር ነው፤ በምድርም ሆነ በባሕር
ካርቦኑ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ጥቅሉ ይከስላል ሲያድር።

ከፈትኩት። ልጁ ሲራጅ ብሎን ይለቅማል።
ካርቦኑ ግማሽ አላለቀም። ጥቅሉ ቀይ ነው፣ ያምራል።
ደጅ ከቆመው ሚኒባስ፣ ከሾፌሩ ከማስረሻ
ባትሪ ተዋስን፤ ነካን፤ ዞረ መልህቅ ማንሻ!
ዞረ! ካቻቢቴው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ።
ጓንጉል ግን አልሳቀም። «እዚህማ ጤነኛ ነው» አለ።

(ኪራይ ደርሷል። ግድግዳዬ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፏል፤
ምን ማለት እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።
ጠቅልዬዋለሁ ብዬ አራት ሺህ ብቀበል
ማን ያየኛል?)

ጠመኔ አነሳሁና እጁ ላይ አኖርኩለት፤
«ጀልባዋን ወለሉ ላይ ሥራት፣ ከነባትሪዋ ቤት።»
ተንበርክኮ ሣላት፣ ከጥጉ እስከ በሩ፦
ባትሪው ከኋላ፣ መልህቁ ከፊት፣ ከከንፈሩ፤
ገመዱ በወንበር ሥር፣ ዐሥራ አንድ እርምጃ አልፎ።
መሄጃውን ብቻ ሣለ፤ መመለሻውን ዘሎ፣ ገድፎ።

«ማሳውስ?» አልኩት። «ማሳ? ማሳማ የአባቴ ነበረ፤
ወንድሞቼ ተካፍለውት እኔ ውሃ ላይ ስቀር ቀረ።»
ሲራጅ በሳቅ ወደቀ። እኔ የጠየቅኩት ሌላውን፣
ኃይሉ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ የሚገባበትን።

ቴስተሬን አዋስኩት። «ሳትጭንበት አትለካ፤
ባዶውን ከሆነ ዐሥራ ሁለት ተኩል ብሎ ይዋሽሃል።
መልህቁ ጭቃ ሲነክስ፣ ሽቅብ ስትል፣ ያኔ ልካ።»

ዓርብ ማታ ደወለ። ፒያሳ መብራት የለም።
«ባትሪው ላይ ደህና ነው፤ ሪሌው ላይም አይጎድልም።»
«ማሳውን» አልኩት።
ጎንበስ ሲል ሰማሁት፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ።
«ዜሮ ሊል ሲገባው አራት ይላል! ዳዶው ሥር አረንጓዴ ሆኗል።»
«ፍታው። ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ እስኪያበራ።
አጥብቀህ እሰር። ግራሶ ቀባ። በል አሁን፣ አሠራ።»

ከዚያ፣
ከዚያ ድምፁ መጣ፦ ሰንሰለት፣ ቀለበት በቀለበት፣
ብረት ብረትን እየቆጠረ ሲወጣ ከነበረበት፤
ከዚያም አንድ የሚንጠባጠብ ነገር። ውሃ ይመስለኛል።
«ትሰሚያለሽ?» ይላል ጓንጉል።
ሻማው ጎን ተቀምጬ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ጀልባዋ እስካሁን ወለሌ ላይ አለች።
ሲራጅ ሲጠርግ ይዞራታል፤ ዙራት ያለው የለም።
ደንበኛ ሲመጣ መልህቁ ጋ ይቆማል ሳያውቅ፣
ጁስ መፍጫ አቅፎ፣ ፓምፕ አቅፎ፣ «ይሠራል?» ብሎ ሊጠይቅ።
ከውጭ ቡልዶዘሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣
ተንበርክኬ የቀረውን ገመድ ሣልኩላት፣
ከፊት እስከ ኋላ፣ ጠመኔውን ሳላነሳ።